የቴልማ ተጠባባቂ

ቴልማ ጋርሳይድ የገዛ ንግግሯን ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ መጀመሪያ ደስ አላት።

ሐሙስ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ባደረችበት የእንግዳ ማረፊያ ማሞቂያው ተበላሽቶ ክፍሉ በረዶ ቢሆንባት፣ ከትርኢቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድማ ወደ ቲያትር ቤቱ መጥታለች። በመልበሻ ክፍል አንድ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ካፖርቷን እግሯ ላይ ጣል አድርጋ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር። ከመስተዋቱ በላይ የተሰቀለች ትንሽ ድምፅ ማጉያ መድረክ ላይ የሚባለውን ሁሉ ወደ ክፍሉ ታመጣለች፤ ተዋናይ ተራው እንዳያመልጠው የተበጀች ናት። መድረክ ላይ ያሉ ሰዎች ግን በልምምድ ሰዓት ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ይረሳሉ። ሁልጊዜም ይረሳሉ። ቴልማ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሥራ ዘመኗ በእንዲህ ያለች ሳጥን የሁለት ትዳር መፍረስና የአንድ አዘጋጅ መባረር ሰምታለች።

የዛሬው ግን የተለመደ ነበር። ከከተማ ከተማ የሚዞር የቲያትር ጓድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ተጠባባቂዎቹን ያለማምዳል፤ ዋናው ተዋናይ ቢታመም መጋረጃው መከፈቱ አይቀርምና። የምትናገረው የእሷ ተጠባባቂ ኔሪስ ናት።

«ያን ዕለት ጠዋት ባሕሩ ዝም ብሎ ነበር» አለች ኔሪስ በሳጥኗ ውስጥ። «ሻይ ቀዳሁለት። ቆሞ ጠጣው።»

«ቀስ» አለች ቴልማ ለጣሪያው። «‘ቆሞ’ ከማለትሽ በፊት ተንፍሺ።»

ኔሪስ የሰማቻት ይመስል በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ላይ ተነፈሰች። ቴልማ ፈገግ አለች። ሴትዮዋ ጥሩ ናት። የሃምሳ ስምንት ዓመት ዌልሳዊት፣ ዝምተኛ፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ከመጋረጃው ጎን ቁጭ ብላ ሹራብ እየሠራች የቴልማን ቃል ከከንፈሯ ስትለቅም የሰነበተች።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?» ሲል አንድ ወንድ መለሰላት።

ቴልማ ከተጋደመችበት ተነሥታ ተቀመጠች። በተውኔቱ ውስጥ የሟች ባሏ ወንድም የሚለው ቃል ነው። ድምፁ ግን የወንድምየው ተጠባባቂ ድምፅ አይደለም። የዋናው ተዋናይ የዴዝመንድ የራሱ ነው።

ዋና ተዋናይ ለተጠባባቂ ልምምድ አይመጣም። የትም አልተጻፈም፤ ግን አይመጣም። ተጠባባቂ ከተጠባባቂ ጋር ይለማመዳል፤ ዋናው በዚያ ሰዓት አልጋው ውስጥ ነው፣ አለዚያም ከተማ ወጥቶ የማይገዛውን ጃኬት ይለካል። ዴዝመንድ ፕራይስን የሚያህል ሰው ረፋድ ላይ ተነሥቶ ከአንዲት ተጠባባቂ ጋር ቃል ከተመላለሰ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ ያቺ ሴት ከእንግዲህ ተጠባባቂ አይደለችም።

ሰኞ ለንደን ይገባሉ። ለሁለት ወር።

«በቃ፣ እዚህ ላይ እናቁም።» ይህ የአዘጋጁ የቶቢ ድምፅ ነው። «ግሩም ነው። ዴዝ፣ ምን ተሰማህ?»

«ወንበዴነት።»

«ስለ ትዕይንቱ ነው የጠየቅኩህ።»

«ትዕይንቱ ደኅና ነው። ኔሪስ፣ የኔ እናት፣ አንቺ ላይ አንዳች ነገር የለኝም። አርባ ስምንት ዓመት የማውቃትን ሴት በቁሟ እየቀበርኳት ስለሆነ ነው።»

«ማክሰኞ ንግግሩን ሁለት ጊዜ አለችው፣ ዴዝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሁለቴ።»

«ለኔ ነው እንዴ የምትነግረኝ? አንተ ኋላ ወንበር ላይ ነበርክ። እኔ ጉልበቷ ሥር ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። አንተ ባትሸከማት ባዝ ከተማ ከነበርንበት ጊዜ ወዲህ አንዱንም ቀን አንጨርሰውም ነበር።»

ቴልማ ሳጥኗን አየቻት።

ማክሰኞን በትውስታዋ ፈለገችው። አገኘችውም፤ ሙሉውን። ዝናብ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ንግግሯ ላይ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነበር፤ ያን የመሰለ ዝምታ በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው። ወደ ማረፊያዋ ስትመለስ ዓሣ በልታ ደስ ብሏት ተኝታለች። ሁለቴ የሚባል ነገር በማክሰኞ ውስጥ አልነበረም። ያስደነገጣትም ይኸው ነው፤ የተቀደደ ነገር አልነበረም፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። ማክሰኞ ሙሉ ነበር።

እሷን ደግሞ ሰው የሚያውቃት ቃል በመያዟ ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንካሻየር፣ በየሳምንቱ አዲስ ተውኔት ከሚያሳይ ጓድ ገብታ፣ የዚህን ሳምንት እየተጫወተች የሚቀጥለውን በአውቶቡስ ፎቅ ላይ ታጠና ነበር፤ በዓመት አርባ ስምንት ተውኔት። በሃያ አራት ዓመቷ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ሆና የሠራችው ፊልም ፊቷን በአውቶቡሶቹ ጎን ላይ ለጠፈው። በኋላ በቴሌቪዥን አሥራ ሁለት ዓመት የገጠር ሐኪም ሆነች፤ እስከ ዛሬ ገበያ ውስጥ ሰው እጅጌውን ሰብስቦ ሽፍታውን ያሳያታል፣ እሷም «ቅባት ይቀቡበት» ብላ ታልፋለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ቃል ጠፍቷት አያውቅም። ቃል የሚጠፋው ከሌሎች ነው፤ ከዴዝመንድ።

ዴዝመንድን ያወቀችውም ሲጠፋው ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው፣ መድረክ መሐል፣ ዓይኑ እንደ በግ ዓይን ፈጦ ቀረ። እሷም ቃሉን በጥያቄ መልክ አቀበለችው፤ «ወንድምህ ከመርከብ አምልጦ መጣ ልትለኝ ነው የመጣኸው?» «አዎ» አለ። «እናትህም አልሰማች?» «አዎ» አለ። ሁለት ገጽ ሙሉ አዎ እያለ ወጣ፤ ጋዜጣው በማግስቱ ቁጥብነቱን አደነቀለት።

ቴልማ አሁን እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ከባዝ ወዲህ ዴዝመንድ ጽሑፉ ላይ የሌለ ጥያቄ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። «ከዚያ ወደ ወደቡ ወረድሽ፣ አይደል?» ይላል። «ስለ ደብዳቤው ልትነግሪኝ ነበር እንዴ?» ይላል። እሷም ተናድዳ ለቶቢ ከሳዋለች፤ «ሽማግሌው ከራሱ እየጨመረ ነው፣ አፉን ያዝልኝ» ብላ። ቶቢ ወለሉን እያየ «አነጋግረዋለሁ» አላት። ዴዝመንድም በማግስቱ ክፍሏ ድረስ አበባ ይዞ መጣ። «ይቅርታ የኔ ቆንጆ፤ እርጅና ነው፣ አፌ ያመልጠኛል።» እሷም ይቅር አለችው። ይቅር አለችው።

ጫማዋን ሳታደርግ ደረጃውን ወረደች።

መድረኩ ላይ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ቶቢ፣ ዴዝመንድ፣ በእሷ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ኔሪስ፣ ከጎን ባለው ጠረጴዛዋ ላይ ደግሞ የመድረክ ኃላፊዋ ፓርቪን። መጀመሪያ ያየቻት ፓርቪን ናት። ከጠረጴዛዋ ተነሣች፤ ተነሥታ ግን ምን እንደምታደርግ አላወቀችም።

«ማይክሮፎኑ ክፍት ነው» አለች ቴልማ።

ፓርቪን እጇን ወደ ማጥፊያው ሰደደች።

«ተይው ልጄ» አለ ዴዝመንድ። «ጅቡ ከሄደ ቆይቷል።» ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር።

«ቴልማ» አለ ቶቢ፣ «ዛሬ ከምሳ በኋላ ላናግርዎት ነበር። እምልልዎታለሁ።»

«ከምሳ በኋላ። ባዶ ሆዴን እንዳልሰማው አስበህልኝ ነው። ደግ ልጅ ነህ።» ወደ ፓርቪን ዞረች። «ፓርቪን፣ አንቺ የብራድፎርድ ልጅ ነሽ፤ እንደኔው የሰሜን ሰው፤ አታባብዪኝም። ማክሰኞ ሁለቴ ብዬዋለሁ?»

ፓርቪን ከእያንዳንዱ ትርኢት በኋላ ዘገባ ትጽፋለች፤ ማን ዘገየ፣ ምን ወደቀ፣ ማን ቃል ሳተ። ዘገባው ተዋናዩ እጅ አይደርስም፤ ለጓዱ ባለቤቶች ነው የሚሄደው።

«ዘገባዬ ላይ ‘መልካም ትርኢት’ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ሚስ ጋርሳይድ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም። የመጀመሪያው ክፍል ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

ፓርቪን መዝገቧን ገለጠች። ስለ ሰው መዋሸት ይቻላል፤ ሰዓት ግን መጋረጃ ሲከፈት ይጻፋል፣ ሲዘጋ ይጻፋል።

«ጊልፎርድ ከተማ ሳለን ሃምሳ ሁለት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ማክሰኞ ሃምሳ አምስት።»

«ሦስት ደቂቃ» አለች ቴልማ።

ሦስት ደቂቃ፣ ስድስት መቶ ሰው ፊት፣ በራሷ አፍ፣ በራሷ እግር ቆማ። እሷ ያልነበረችበት ሦስት ደቂቃ።

«እንሥራው» አለች።

«ምኑን?» አለ ቶቢ።

«ንግግሩን። አሁን። ዴዝመንድ፣ ቦታህን ያዝ። እንዳትረዳኝ። ትንፋሽ እንኳ እንዳትጨምር።»

«ቴልማ፣ ተይ» አለ ዴዝመንድ። «ምን ያደርግልሻል?»

«ካልነገራችሁኝ ላየው ነው እንጂ ምን ላድርግ? ቦታህን ያዝ።»

ኔሪስ ከወንበሩ ተነሣችላት። ሹራቧን አንሥታ ወደ ጥግ ሄደች። ቴልማ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ሞቆ ነበር።

ንግግሩ ሦስት ደቂቃ ነው። የዓሣ አጥማጅ ሚስት ባሏ ያልተመለሰበትን ቀን ትናገራለች። መጀመሪያ ላይ ሻይ ትቀዳለታለች፣ ቆሞ ይጠጣዋል፣ ይወጣል። መጨረሻ ላይ፣ ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ፣ ለባዶው ወንበር እንደገና ሻይ ትቀዳለች። ደራሲው ሁለቱንም ቦታ በአንድ ቃል ጽፎታል፤ ሻይ ቀዳሁለት። አንዱ ለሕያው ነው፣ አንዱ ለሙት።

«ያን ዕለት ጠዋት ባሕሩ ዝም ብሎ ነበር» አለች ቴልማ።

ቃሉ መጣ። ሳትጠራው መጣ። ሲኒው መጣ፣ በሩ መጣ፣ የወደቡ ድንጋይ እርጥበት ከእግሯ ሥር መጣ። ድምፅዋ ከደረቷ ሳይሆን ከወለሉ የሚነሣ መሰላት። ደብዳቤውን ገለጠች። ሻይ ቀዳሁለት፣ አለች፤ ወንበሩን አየችው፤ ባሏ በእርግጥ እዚያ አልነበረም። በሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ባዶ ሆኖ የታያት ወንበር የለም። ሲኒውን አጠብኩት፣ ብላ ጨረሰች።

ጨረሰች። እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። አንድም ቃል አልጎደለም፤ ይህን ታውቃለች፣ ሙያዋ ነው። አያችሁ ልትላቸው ቀና አለች።

ቶቢ አፉን በመዳፉ ይዞ ነበር። ፓርቪን የእጅ ሰዓቷን እያየች ነው፤ ከሰዓቱ ላይ ዓይኗን ለማንሣት የፈራች ትመስላለች። ኔሪስ ሹራቡን አቁማለች። ዴዝመንድ ከታዘዘበት ቦታ ሳይነቃነቅ፣ ቃል ሳይጨምር፣ እንባው በአገጩ ላይ ይወርዳል። አልጠረገውም።

ቴልማ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ስንት ጊዜ?» አለች።

ወደ ዴዝመንድ ዞረች።

«ዴዝመንድ።»

«ሦስት።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን፣ የኔ ቆንጆ። ሻዩ ጋ ስትደርሺ ወደ ጠዋቱ ትመለሻለሽ።» ወደ ባዶው ወንበር አየ። «ሦስተኛው ከሁሉም ያምር ነበር።»

ከቴልማ ሆድ ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ራሷም ደነገጠች። ስትናገር የቤት ዕቃ እንደምታስነሣ ሰው ነበር የተናገረችው።

«ዛሬ ከሰዓት ኔሪስ ትገባለች።»

«ዛሬ?» አለ ቶቢ። «ቴልማ፣ ዛሬ አይደለም ያልነው። እስከ ቅዳሜ ዴዝ አብሮዎት ሆኖ …»

«ልጄ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት መቶ ሰው ይመጣል፤ ግማሹ የአሥራ አንድ ሰዓቱን ባቡር መያዝ አለበት። ሦስቴ ልንገራቸው?»

ዴዝመንድ በእንባው መሐል ሳቀ፤ ማቆምም አቃተው። ማንም አልተቆጣውም።

ዋናው ተዋናይ ሲቀር ትንሽ ወረቀት ታትሞ በየተመልካቹ ፕሮግራም ውስጥ ይገባል። ፓርቪን ብዕርና ወረቀት ሳበች። «ታመዋል ልበል፣ ሚስ ጋርሳይድ?»

«ምንም አትበይ። ስሟ ብቻ ይጻፍ። አምጪው፣ እኔው ልጻፈው።»

በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ በዛሬው ትርኢት የዓሣ አጥማጁን ሚስት የወይዘሮ ትሪጌርን ክፍል የምትጫወተው ኔሪስ። ብዕሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ሁሉም እጇን ያያሉ። ፈለገችው። ማክሰኞን እንደፈለገችው ፈለገችው፤ በዚህኛው ቦታ ግን አንዳች ነገር አልነበረም፣ ነጭ ግድግዳ ብቻ። ከመድረኩ በታች ያሉት ባዶ ወንበሮች ሲዞሩባት ጠረጴዛውን ያዘች።

«የቤተሰብ ስምሽ ጠፋኝ» አለች፤ ድምፅዋ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ኔሪስ፣ ጠፋኝ።»

ኔሪስ ከጥጉ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

«አልጠፋዎትም» አለች። «አያውቁትም እኮ። ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ክፋት አልነበረበትም። የሆነውን ነው የተናገረችው። ቴልማ ቀና ብላ ፊቷን አየችው፤ ሰባት ሳምንት ከመጋረጃው ጎን የነበረውን ፊት። ዓይኖቿ አረንጓዴ ነበሩ። ይህንንም አሁን ነው ያየችው፤ ለዚህ ደግሞ የምታሳብብበት በሽታ አልነበራትም።

«ማን ልበል?»

«ቢቫን።»

«ቢቫን» አለች ቴልማ፤ ጻፈችውም። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጣ፣ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ፣ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፋው እንደሆነ አየች።