አናጢው ማልቀስ ሲያቆም

አናጢው ሆደ ቡቡ ሰው ነበር። የጎረቤት ድመት ብትታመም እንቅልፍ ያጣል። የሬሳ ሣጥን ሲታዘዝማ እንባው ጣውላው ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። ጓደኞቹ «አንተ እኮ ለእንጨቱም ታዝናለህ» እያሉ ይቀልዱበታል። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረችው ይህን ሆዱን ወዳ ነው።

ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። አንድ ቀን የስፌት መኪናው መርፌ የሚስቱን ጣት በስቶ አለፈና ጮኸች። አናጢው ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም።

«ዝም በይ እንጂ፣ ሬዲዮ እየሰማሁ ነው።»

ጣቷን በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ አፍጥጣ አየችው። ድሮ ቢሆን ከእሷ ብሶ የሚጮኸው እሱ ነበር። «ሌላ ሴት ይዞ ነው» አለች በሆዷ። ኪሱን ፈተሸች፤ ከምስማርና ከእርሳስ በቀር ምንም አልነበረበትም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። ማኩረፏንም ልብ አላለው።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ እናት ሆና ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ሞተች። ለቀስተኛው በተሰበሰበበት አናጢው ወደ ሣጥኑ ጠጋ አለና በጣቱ አንኳኩቶ ሳቀ።

«ይሄም ሥራ ተብሎ! ክዳኑ እኮ አልገጠመም!»

የሟች ልጅ በንዴት ሲነሳ ሰው ያዘው። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ ሴት ልጇ ቤት ገባች።

«እማዬ፣ ምን አደረገሽ?»

«ምንም። ይኸው ነው የገደለኝ። እኔ ብሞትም ምንም አይለው።»

ልጅቷ ሻንጣውን ተቀበለቻት። «አባዬ እንዲህ አልነበረም። ሰው እንዲሁ ከመሬት ተነስቶ አይጨክንም» አለችና በሳምንቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ውጤቱን ለመስማት እናትና ልጅ አብረው ሄዱ። ሐኪሟ የአንጎሉን ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራች።

«የፊተኛው ክፍል እየሟሸሸ ነው። የሌላው ሕመም እንዲሰማን የሚያደርገን ይሄ ነው። እናቴ፣ እርስዎ ሲያለቅሱ ባለቤትዎ ያይዎታል፤ ግን ወደ ውስጡ የሚዘልቅ ነገር የለም።»

«ይድናል?»

«አይድንም።»

«እሱስ ያውቀዋል?»

«አያውቀውም። ለእሱ ምንም አልጎደለም።»

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትረግመው የኖረችው በሽተኛ ኖሯል! ለካ ያ ሆደ ቡቡው ባሏ የሄደው ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት፣ እሷም ሳትሸኘው ነው።

የዚያኑ ዕለት ቤቷ ተመለሰች። አናጢው ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

«ጥዬህ ሄጄ ነበር እኮ።»

«አዎ።»

«ናፍቄህ ነበር?»

ትንሽ አሰበ። መቼም መዋሸት አያውቅም። «አይ። ሸሚዜን የሚያጥብልኝ ግን አጣሁ።»

ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ልቅሶ ሆነ። ፊቷን ትክ ብሎ አየና «ብርሃኑ ዓይንሽን ወጋሽ?» አላት።

«አዎ፣ ወጋኝ» አለችው።

በበነጋው ለብቻዋ ለቅሶው ላይ ወደተቆጣው የእህቷ ልጅ ሄደች። ሐኪሟ ያለቻትን አንድ በአንድ ስትነግረው ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ እቅፍ አድርጎ፣ ገና የባሏ መርዶ እንደመጣባት ሰው፣ «አክስቴ፣ እግዜር ያጽናሽ» አላት።