የለቅሶው አድራሻ

አሰፋሽ ለምናሴ ብላ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አበሻ ያለበትን ሕንፃ ሁሉ፣ ሊፍቱ የተበላሸውን ሳይቀር፣ በዚያ በታመመ ጉልበቷ ወጥታ ወርዳበታለች። እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደግሞ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆማ ዜግነት ያገኘውን ካላገኘው በዓይኗ እየለየች ለምርጫ ታስመዘግብ ነበር። ምናሴ የሜሪላንድ ምክር ቤት የገባው በሁለት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ ነው። "ሁለት መቶውን በስም እጠራልሃለሁ፤ አሥራ አንዱን እግዜር ጨመረበት" ትላለች ለጠየቃትም ላልጠየቃትም።

ሥራዋ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየሄዱ ማጠብና ማጉረስ ነው። ምናሴ በተመረጠ በሁለተኛው ዓመት፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄዱ መንገድ ላይ የሚያልቀው ሰዓት እንዲከፈል የሚያዝ ሕግ አስወጣ። የዚያን ቀን ምክር ቤቱ መሀል ቆሞ ስሟን ጠራ። ቪዲዮው እስከ ዛሬ ስልኳ ላይ አለ። ልጇ ቤዛዊት "ማሚ፣ ኢነፍ፣ መቶ ጊዜ አየሽው እኮ" እያለች ታሾፍባታለች። እሷ ግን እንዲህ ያለውን ሰው የኛ ነው ማለት ደስ ይላት ነበር፤ ማንንስ ደስ አይለው?

የምርጫ ሕጉ ተመራጭ በመረጠው ሕዝብ መሀል መኖር አለበት ይላል። ምናሴ አሰፋሽ በምትኖርበት ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቤት ተከራይቷል፤ የፖስታ ሳጥኑ ላይ ስሙ አለ፣ እሁድ እሁድም መኪናው ፓርኪንጉ ውስጥ ትታያለች። ከሁለት ዓመት በፊት ተፎካካሪው "ይህ ሰው እዚህ አይኖርም" ብሎ ሲከሰው ግን ሦስተኛ ፎቅ ወርዶ አሰፋሽ ሳሎን ተቀመጠ።

"እትዬ አሰፋሽ፣ ጎረቤት ነዎትና ይመስክሩልኝ። ስሜን ሊያጠፉት ነው።"

"ለመሆኑ ትኖራለህ?" አለችው እየሳቀች።

"እናቴ ትሙት።"

ከዚህ ወዲያ ምን ይባላል። መሐላ በሚያጸድቅ ኖታሪ ፊት ቀኝ እጇን አንስታ፣ ምናሴ እዚያ እንደሚኖር፣ ቤቱንም ገብታ እንደምታውቀው ምላ ፈረመች። የሰፈሩን በር ሁሉ ያንኳኳች ሴት ያንን አንዱን በር አንኳኩታ አታውቅም፤ የትልቅ ሰው ቤት ዝም ተብሎ አይንኳኳም ብላ ነው። ሞኝነቷ ይሄ ነው፣ ሌላ የለም።

ባለፈው ኅዳር የምናሴ እናት ደብረ ብርሃን ላይ አረፉ። ዘመዶች የደወሉት ለእሱ ሳይሆን ለእድሩ ሊቀመንበር ለጋሽ ከፈለ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ስምንት ሰዎች፣ አሰፋሽም አንዷ ሆና፣ ዘጠነኛው ፎቅ ኮሪደር ላይ ድምፃቸውን አጥፍተው ቆሙ። ጋሽ ከፈለ አንኳኩ።

በሩን የከፈተው የሆስፒታል የሥራ ልብስ የለበሰ ካሜሩናዊ ነው። ከምናሴ ተከራይቶ እዚያ ቤት ሲኖር ሦስት ዓመቱ ነው። "እሱ እንኳ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖረው፤ ደብዳቤ ሲመጣለት የምልክለት እኔ ነኝ" አለና አድራሻውን ሰጣቸው።

ሰዎቹ ተያዩ። "የዘመድ ቤት ይሆናል" አለች አሰፋሽ፤ አባባሏ ለራሷም አልጣማትም። በሦስት መኪና ድልድዩን ተሻግረው ሌላ ክፍለ ግዛት፣ ቨርጂኒያ ገቡ።

ሰፊ የጡብ ቤት ነው። ደጁ ላይ የልጆች ሳይክል ተጋድሟል፤ ያቺ አሰፋሽ የምታውቃት የምናሴ መኪና የቨርጂኒያ ሰሌዳ ካላት ሌላ መኪና ጎን ቆማለች። ምናሴ በፒጃማ ወጣ። በማለዳ ስምንት አበሻ ደጁ ላይ ቆሞ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚለው "ማን ሞተ?" ነው። ምናሴ ግን ዓይኑን አሰፋሽ ላይ ተክሎ "ይህን ቤት ማን አሳያችሁ?" አለ።

"ልጄ፣ እስቲ ቁጭ በል" አሉ ጋሽ ከፈለ። አረዱት።

መሬት ላይ ወደቀ። አሰፋሽ አቅፋው አብራው አለቀሰች፤ ለቅሶዋ የይስሙላ አልነበረም። ከዚያ "እናቴ ትሙት" ያላት ትዝ አላት። ይባስ ብሎ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ "እትዬ፣ ይህን ቤት ለማንም እንዳያነሱብኝ" አላት። የእናቱ መርዶ ገና ጆሮው ላይ ሳይበርድ ወንበሩን ያስባል!

ለማንም አልተነፈሰችም። እድሩ ግን የራሱ ደንብ አለው፤ ሐዘን ሲደርስ የለቅሶው አድራሻ ለአባል ሁሉ ይላካል። ጋሽ ከፈለ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ክፋት የሚባል ነገር ሳያስቡ፣ ለስድስት መቶ ሰው ቴክስት አደረጉ፦ "ለቅሶው በምክር ቤት አባላችን በወንድማችን ምናሴ መኖሪያ ቤት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ።" ከግሪንቤልትም ከበልትስቪልም ሰው ጎረፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የምናሴው ግን ማደርም አላስፈለገው፣ በዚያው ቀን ጠራ። ቴክስቱ ጋዜጠኛ እጅ ገባ፣ ምርመራ ተከፈተ።

በሳምንቱ ምናሴ መግለጫ አወጣ። ቤዛዊት ለእናቷ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት፦ "መኖሪያዬን በተመለከተ ምስክርነት የሰጠችው በቅርበት የማላውቃት አንዲት የሕንፃው ነዋሪ ናት። የሰጠችው ቃል ሐሰት ከሆነ ኃላፊነቱ የራሷ ነው።"

"ማሚ፣ አንቺን እኮ ነው ብሌም ያደረገው።"

"ያቺን ቦታ ድገሚልኝ" አለች አሰፋሽ። "በቅርበት የማላውቃት" የሚለው ላይ ስትደርስ በእጇ አስቆመቻት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምታለች። ፈረስ ግን ጥሎ ይሄዳል እንጂ ዞሮ አላውቅሽም አይልም። ስምንት ዓመት ያንኳኳችው በር ሁሉ አንድ በአንድ ፊቷ ላይ የተዘጋ መሰላት።

ማታውን ደወለላት። "ጠበቃው ነው እንዲያ ብሎ የጻፈው እትዬ። ብቻ ቃልዎን አይለውጡ። ከለወጡ በሐሰት መማልዎን አመኑ ማለት ነው፣ የአስታማሚነት የሥራ ፈቃድዎን ይወስዱብዎታል። ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ" አለችና ስልኩን ዘጋችው። ያለው ግን እውነት ነበር። ቤዛዊት የጠየቀቻት ጠበቃም ይህንኑ አለች፤ ዝም ካለች እንጀራዋ ይተርፋል፣ ከተናገረች ይሄዳል።

የምርመራው ዕለት ኮሪደሩ ላይ ተገናኙ። ምናሴ ለሐዘን ጢሙን አሳድጓል። እንደ ድሮው ጎንበስ ብሎ ሊስማት ሲል መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ አቆመችው።

"በቅርበት የማያውቋትን ሴት አይስሙም፤ ነውር ነው።"

ገባች። እጇን አንስታ ማለች፤ ጥያቄም አልጠበቀች። "ያን የዘጠነኛ ፎቅ ቤት ስፈርም ገብቼበት አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ የማልኩት ያላየሁትን ነው።" በዚህ ቃል እሱ ወንበሩን፣ እሷ የሥራ ፈቃዷን አጡ።

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየቻት። "ታዲያ ለምን ማሉ?"

"ወገኔ መስሎኝ" አለች አሰፋሽ።