አባ ጨጓሬ ሽማግሌ የሆነበት ቀን

ይህን ታሪክ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፈው። ውሸት ከሆነ አባ ጨጓሬ በማጅራቴ ገብቶ በእግሬ ይውጣ፤ ማከኪያ ጥፍርም ይንሳኝ። ማጣራት የፈለገ ሮቢት ወርዶ ይጠይቅ፤ ሾላው ዛሬም እዚያው ቆሟል። ብቻ ሥሩ ቁጭ ብሎ አይጠይቅ።

ኑሀ ሮቢት ላይ ባጃጅ የሚነዳ ጎረምሳ ነው። ልቡ የወደቀባት ኢቅራ ደግሞ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አባ ጨጓሬ እንዳለ ዛፍ ላይ ወጣ። የሾላው ቅርንጫፍ በትል ክብደት ጎብጦ መሬት ሊነካ ደረሰ። ጨው የጫነ አንድ የአፋር ግመል ጎኑን ሊያክክ ግንዱን ተደገፈና በሩጫ ዞብል ተራራ ላይ ወጥቶ ነው የቆመው፤ ባለቤቱ አሁንም እየተከተለው ነው።

ቀልዱ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ልጆች አንገታቸው ሽፍ እያለ አበጠ፤ አንዷ ዓይኗን በእጇ አሽታ ሳምንት ሙሉ ማየት አቅቷት ሰነበተች። ኢቅራ ሕዝቡን ሰበሰበች። "ፀጉሩ ነው መርዙ። በእጃችሁ አትንኩት፣ ልብስ ከዛፍ ሥር አታስጡ። ከነካችሁ አትከኩት፣ አትሹት፤ በፕላስተር እየለጠፋችሁ ፀጉሩን ንቀሉት፣ ከዚያ በሳሙናና በውኃ ታጠቡ። ዓይን ከገባ ወይ ትንፋሽ ካጠረ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ" አለች።

ኑሀ በዚህ ስብሰባ ሦስት ጊዜ ተገኝቷል፤ ሦስቱንም ከፊት ወንበር። ከሦስቱም ያስታወሰው የሻሿን ቀለም ነው።

አባቷ ጋሽ ሙሀመድሰይድ አንድም ቀን አልተገኙም። "ያስተማርኳት ሰው እንድታክም ነበር፤ እሷ ከትል ጋር ክስ ገጥማ ቁጭ አለች" እያሉ ገበያ ላይ ያስቁባታል። ለኑሀም ቢሆን ፊት አልሰጡትም። ሽማግሌ ቢልክ ሁለት ጊዜ መለሱበት። አንደኛ፣ ጋቢያቸው አቧራ ለብሷል ብለው። ሁለተኛ፣ አንዱ ሽማግሌ ልመናው መሐል ስልኩ ጮሆ "ሄሎ፣ በጉን ሸጥከው?" በማለቱ። ከዚያም ቁርጡን ተናገሩ፦ "ሦስተኛ ይምጡ። ከዚያ ወዲያ በሬን እንዳያንኳኩ። አንድ የጎብዬ እህል ነጋዴም ሽማግሌ ሊልክባት ለሳምንት ቀጠሮ ይዟል።"

ኑሀ እንቅልፍ አጣ። ከቆቦ አዳዲስ ሽማግሌዎች አስመጣ፦ ንግግር የሚያውቁትን ሸህ እንድሪስን፣ ፊታቸው የሚያስከብረውን ጋሽ ንጋቱን፣ እንዲሁም ረጅሙን፣ መልከ መልካሙን፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገሩትን ጡረተኛ መምህር ደርቤን። ሦስቱንም ስልካቸውን አስጠፋቸው። አቧራ የሚባል ሰበብም እንዳይኖር ጋቢያቸውን ተቀብሎ በገዛ እጁ በዱቄት ሳሙና አጠበ። የቆላው ፀሐይ ጥለቱን እንዳያደበዝዘው አስቦ ሾላው ሥር ገመድ ወጠረና አሰጣው።

ጎረቤቱ አስካለ በአጥር በኩል አየችው።

"ኑሀ፣ ይህን የመሰለ ፀሐይ እያለ ጥላ ምን አስመኘህ?"

"ጥለቱ እንዳይለቅ ነው እትዬ አስካለ።"

"ኢቅራ ምን ብላ ነበር?"

"ስለ ምኑ?"

"ተወው። እጮኛ ጆሮ የለውም።"

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ገና መንገዱ ሳይጋመስ ጋሽ ንጋቱ ትከሻቸውን ወዘወዙ።

"ልጄ፣ ይህ ጋቢ ምን ነካው?"

"አዲስ ስለታጠበ ነው ጋሼ። ይለምድዎታል።"

"እኔ እለምደዋለሁ፤ እሱ ነው እኔን አልለምድ ያለው።"

ወጉን ማንም ያውቀዋል። ልጅ ሊለምን የሄደ ሽማግሌ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም፤ ጋቢውን እንደለበሰ ቆሞ ይለምናል። መልስ ሳያገኝ ጋቢ ካወለቀ ነገሩን ተወው ማለት ነው። የሰው ደጅ ቆሞ ሰውነቱን የሚያክክማ ባለቤቱን ንቋል።

ኑሀ ባጃጁን አጥሩ ጥግ አቁሞ በእንጨቱ ቀዳዳ ያያል። ጋሽ ሙሀመድሰይድ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ዝም ብለዋል፤ የልጅ አባት ቶሎ አይመልስምና። ሸህ እንድሪስ "አሰላሙ አለይኩም" ብለው ጀመሩ። ረጋ ብለው የሚናገሩት ሰው ቃሉን እንደ ጥይት ያንጣጡት ጀመር፤ ጀርባቸው ደግሞ ቀስ እያለ ወደ በሩ መቃን ተጠጋ። የጋሽ ንጋቱ ትከሻ ያለ ከበሮ ይወርዳል፣ ይወጣል። መምህር ደርቤ ብቻ እንደ ግንድ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ እንባቸው ግን በጺማቸው ላይ ይንቆረቆራል።

ጋሽ ሙሀመድሰይድ አገጫቸውን ያዙ። "ሱብሃነላህ። በዚህ ዘመን ለሰው ልጅ የሚያለቅስ ሽማግሌ አለ?" አሉ ለራሳቸው።

ይኼኔ ሸህ እንድሪስ ወገባቸው ላይ የሆነ ነገር ተነሣባቸው። መሬት ላይ ተዘርግተው ተንከባለሉ። ጋሽ ንጋቱ ተከተሏቸው። መምህር ደርቤም ጓደኞቻቸውን ብቻቸውን ላለመተው፣ በመጨረሻ፣ በክብር ተንከባለሉ።

ጋሽ ሙሀመድሰይድ ድንጋይ ተሸክሞ የለመነ አይተው ያውቃሉ፤ እንዲህ በአፈር ተንከባልሎ የለመነ ግን አላዩም። ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። "ተነሡ፣ በአላህ ተነሡ። ሰጥቻለሁ። ልጅቱን ሰጥቻለሁ።" አንድ በአንድ እያነሡ በትከሻም በአንገትም እቅፍ አድርገው ሳሟቸው።

ኑሀ አጥሩን ጥሶ ሊገባ ምንም አልቀረው። ግን ኢቅራ ከቤት ወጣች፤ የመምህር ደርቤን አንገት አየችና ቆመች።

"ይህ ጋቢ የት ነው የተሰጣው?"

ሽማግሌዎቹ ወደ አጥሩ ተመለከቱ። ኑሀ አንገቱን ደፍቶ ገባ።

"ሾላው ሥር።"

ጋሽ ሙሀመድሰይድ ፊታቸው ተቀያየረ። "ታዲያ የለመነኝ ሽማግሌ አይደለም፤ ትል ነው። ለትል የገባሁት ቃል የለም። መልሼዋለሁ።" ይህን ሲሉ ግን እጃቸው ወደ ማጅራታቸው ሄዶ አልመለስ አለ።

ሦስተኛው ልመና ሊያልቅ ነው፤ ያበላሸውም ኑሀ ራሱ ነው።

"አባ፣ አይከኩት። ባከኩት ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባል" አለች ኢቅራ። ፕላስተሯን ይዛ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "አባቶቼ፣ ጋቢውን አውልቁት።"

"አናወልቅም" አሉ ሸህ እንድሪስ ከንፈራቸውን ነክሰው። "መልስ አላገኘንም።"

"ተመልሷል አልኩ እኮ" አሉ ጋሽ ሙሀመድሰይድ።

"ሰጥቻለሁ ያለ አንደበት መልሻለሁ ካለ መልሱ የቱ ነው? ሁለት ሆነ። አንድ እስኪሆን እንለምናለን።" ሸህ እንድሪስ እጃቸውን ዘርግተው አንድ እርምጃ ቀረቧቸው። "ኑ እስቲ፣ እንደገና እንተቃቀፍ።"

ጋሽ ሙሀመድሰይድ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሦስቱ ጋቢዎች ተከተሏቸው። ጓሮው ተዞረ፤ ዶሮዎቹ ሸሹ። መጨረሻ ላይ ጀርባቸው ከጎተራው ጋር ገጠመ።

"ኢቅራ፣ ቅድሚያ ለእኔ ፕላስተር ስጪኝ።"

"ቅድሚያ ብዙ ለተጎዳ ነው አባ። እነሱ ደግሞ ሳያወልቁ አላክማቸውም።"

ጋሽ ሙሀመድሰይድ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ጋቢዎቹን አዩ። "ይሁን፣ ሰጥቻለሁ። አሁን ግን አትቀፉኝ።"

"ማክሰኞም ስብሰባ አለኝ" አለች ኢቅራ።

"እመጣለሁ አልኩሽ፤ ከፊት ነው የምቀመጠው። አምጪው።"

ጋቢዎቹ ወለቁ። ኢቅራ በየተራ እየለጠፈች ነቀለች፣ በሳሙና አሳጠበች። በመጨረሻ ኑሀ ያበጠ ክንዱን ዘረጋላት።

"ሦስት ጊዜ መጥተህ ነበር። ምን ሰማህ?"

ኑሀ አሰበ፣ አሰበ። "ሻሽሽ አረንጓዴ ነበር።"

አልሳቀችም። ፕላስተሩን ግን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጋ ነቀለችው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የፈጠርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት። መምህር ደርቤ የሚባል ሰው የለም። ሦስተኛው ሽማግሌ እኔ ነበርኩ፤ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፣ ቁመቴም ያን ያህል አይደለም። ቀድሞ የተንከባለለውም ሸህ እንድሪስ ሳይሆን እኔው ነኝ። ግመሉ ግን እውነት ነው።