አማቴ የያዙት ጌጅ

ከእኔ የበለጠ መካኒክ አለ የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው ገና ጋራዥ ረግጦ አያውቅም። ሞተር ሲያስነጥስ ከሦስት ሰፈር ማዶ ሰምቼ የትኛው ሲሊንደር ጉንፋን እንደያዘው እናገራለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ልደብቀው ብል አልደበቅ ስላለኝ ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው አንዲት የጭነት መኪና ልታዋርደው ነበር። መኪናዋ የአማቴ ናት፤ ባለቤታቸው ሲያልፉ የተዉላቸው። የምነዳት እኔ፣ የምጠግናት እኔ፣ ልጆቼም የሚበሉት ከእሷ ጀርባ ነው። ከአንድ ወር ወዲህ ግን ዳገት ስታይ ያማታል። ሜዳ ላይ ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋች ታቃስታለች። ባለፈው አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ዳገቱ መሃል ላይ ቀደሙን፤ ዞር ብለውም «አይዟችሁ» ብለውን አለፉ።

የሚስቴ እህት ባል ደላላ ነው። ምላሱ ካልደከመው የጎረቤቱንም አጥር ይሸጣል። መኪናዋን አንዴ ዞር ዞር ብሎ አያትና «ቱርቦው ሞቷል፣ ሳይብስባት ትሸጥ» ብሎ ፈረደ። ገዢ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። አማቴም «ትሸጥ» ብለዋል። እሳቸው ትሸጥ ካሉ ፀሐይም ትሸጣለች።

«እማማ፣ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ይታገሡኝ» አልኳቸው።

«ምን ልታደርግ? ልታለቅስላት?»

«የጭስ ማውጫዋን ግፊት ልለካ።»

ደላላው ሳቀ። «ሬሳ ትኩሳት አለው ወይ እንደማለት ነው እኮ፣ ወንድሜ።»

ነገሩ ቀላል ነው። ሞተር እንደ ሰው ነው፤ የሳበውን ካላስወጣ ሌላ መሳብ አይችልም። ጭሱ ለሞተሩ አየር የሚገፋለትን ቱርቦ አሽከርክሮ ሲያበቃ በቧንቧው ወደ ውጭ ይሄዳል። መንገዱ ከተዘጋበት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ያኔ ቱርቦውም ሞተሩም ይታፈናሉ። ከቱርቦው ቀጥሎ ያለውን ቧንቧ በሳሁና ቀጭን ቱቦ በየድኩበት፤ ቱቦውን በጋቢናው መስኮት አስገብቼ ጫፉ ላይ የግፊት መለኪያ ጌጅ አሰርኩ። ያን አበያየድ ያየ ወርቅ ሠሪ መዶሻውን ጥሎ ገዳም ይገባል።

ሞተሩን አስነሳሁ። መኪናዋ ቆማ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ እኛ ሚኒሞ በምንለው ላይ ስታንጎራጉር የጌጁ መርፌ ዜሮ ላይ ተጋድማለች።

«ይኸው!» አለ ደላላው። «ጭሱ እንደ ልቡ ይወጣል። ቱርቦው ነው አላልኩም?»

አማቴ እኔን አዩኝ።

«ጌታው፣ አንተንም ሶፋ ላይ ቁጭ ብለህ ትንፋሽህን ቢለኩት ሯጭ ነህ» አልኩት። «ጉድህ የሚታየው ደረጃ ስትወጣ ነው። ይህም የሚነበበው ጭነት ይዛ፣ ዳገት ላይ፣ ነዳጅ እስከ ወለሉ ተረግጦ ነው። እኔ ልንዳ፤ ጌጁን የሚያነብልኝ ሰው ይግባ።»

ደላላው እጁን ዘረጋ። አማቴ ቀደሙት። «አንተማ ለገዢህ የሚስማማውን ነው የምታነበው። ወዲያ በል።»

አሸዋ እንደተጫነች ወጣን። ጋቢናው ውስጥ የአማቴ ቦርሳና የአማቴ ክርን ቦታ ስላላስተረፉለት ደላላው አሸዋው ላይ ተሳፈረ።

ያ ዳገት ወፍ እንኳ መሃሉ ላይ አርፋ የምትወጣው ነው። ነዳጁን ረገጥኩት።

«ስንት ይላል፣ እማማ?»

«ሁለት።»

«እስከ ሦስት ጤና ነው።»

«አምስት። ሰባት። ኧረ ይቺ ነገር ምን ሆናለች? ዘጠኝ።»

መኪናዋ አቃሰተች። ዳር ይዤ አቆምኳት።

«ቱርቦውስ ምንም አላጠፋም» አልኩ። «የተዘጋው ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ ነው።»

«ከቱርቦው በኋላ ምን አለ?»

እዚህ ላይ ነው ጣጣው። ከቱርቦው በኋላ ያለው ማርሚታው ነው፤ የጭሱን ጩኸት የሚያፍነው። ያን ማርሚታ ያስገጠሙት ራሳቸው ናቸው። የዛሬ ወር «ጠዋት ስትነሳ መስኮቴን ታንቀጠቅጣለች» ብለው፣ እኔ በሌለሁበት በያጅ ጠርተው፣ ከትንሽ የቤት መኪና የወለቀ ማርሚታ አስበየዱባት። ለሰፈሩም «አማቼ ስንት ዓመት ያቃተውን በአንድ ጠዋት ጨረስኩት» ብለው አዳርሰዋል። እኔ ገና ከመጀመሪያው ጠርጥሬ ነበር፤ ግን አማትን ያለ ማስረጃ የሚከስ ሰው ጥርሱን የጠላ ነው።

አሁን ማስረጃው እጃቸው ላይ ነው። ችግሩ እሱ አይደለም። ጥፋቱ የእርስዎ ነው ብላቸው፣ ከሚያፍሩ መኪናዋን በነፃ ይሰጧታል። ዝም ብል ደግሞ ከሰዓት በኋላ ትሸጣለች።

«እኔ እንጃ» አልኩ። ከተወለድኩ ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው፤ ሲወጣ ጉሮሮዬን ቧጨረኝ። «ግራ ገብቶኛል፣ እማማ። እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

ጌጁን አዩ። በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ ያለውን ቧንቧ አዩ።

«ያ በያጅ» አሉ በመጨረሻ። «ሰፋ ያለ አምጣ ብዬው ነበር።»

አላሉትም።

«ብለውት ነበር» አልኩ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ውረድና አውጣው።»

የብረት መጋዜን ይዤ ሥር ገባሁ። ደላላው ከአሸዋው ላይ አንገቱን አስግጎ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቀ።

«አርፈህ ቁጭ በል፣ ሥራ ላይ ነን» አሉት አማቴ በመስኮት።

ማርሚታው ሲወጣ መኪናዋ ያሰማችው ድምፅ ሰማዩን እንደ አሮጌ አንሶላ ቀደደው። ግን ወጣች፤ ፍየል ናት ያሰኛል አወጣጧ። «ሁለት» ይላሉ አማቴ በጩኸቱ መሃል፣ «ሁለት ላይ ቆማለች፣ ሁለት ላይ ናት»፤ እኔም የማርሽ መቀየሪያውን እንደ ንጉሥ በትር ጨብጬ ሽቅብ እነዳለሁ።

ስንመለስ ገዢው በር ላይ ቆሟል። ደላላው ጥላሸት የጠገበ ፊቱን እየጠረገ ሳይወርድ አማቴ ወረዱ።

«መኪናዋ አትሸጥም» አሉት። «ሕመሟን አግኝቼዋለሁ። ሰፊ ማርሚታ ይገባላታል፣ አለቀ።»

«እናቴ፣ እርስዎ እንዴት አወቁት?» አለ ገዢው።

«ቆማ ሲለኳት ነበር እነዚህ። ጭነት ላይ ነው እንጂ የሚነበበው። ዳገቱ ላይ መርፌዋ ሃያ ደረሰች።»

«ሃያ?» ገዢው ወደ እኔ ዞረ። ደላላውም ዞረ። ጌጁ ላይ የተጻፈው ቁጥር አሥራ አምስት ላይ ያልቃል። አማቴ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አጥብቀው አዩኝ።

«ሃያ ሁለት» አልኩ።