የቁልቁለቱ ማብሪያ

የጭነት መኪናዬ አውቶማቲክ ናት። ቁልቁለት ላይ ሞተሩና ካምቢዮው እጅ ለእጅ አይያያዙም፤ ሞተሩ መኪናዋን ስለማይይዛት ፍሬኑ ብቻውን ይግላል። ስለዚህ ስፈልግ ሁለቱን አንድ ላይ የምቆልፍበት ማብሪያ ላስገባላት ቆረጥኩ። ጎረቤቴ መካኒኩ "እኔ ልሥራልህ" ቢለኝ እምቢ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የነዳኋትን መኪና ሽቦ ሌላ ሰው አይነካብኝም።

ሁለት ቀን ሙሉ ጋቢናው ውስጥ ተጋድሜ ሽቦ ስስብ ዋልኩ። በመጨረሻ ዳሽቦርዱን በስቼ ማብሪያውን ገጠምኩ። መካኒኩ መጥቶ አየና ዝም አለ። ነገር በሆዱ ይዞ ዝም የሚል ሰው ያናድደኛል።

"ምን ጎደለው?" አልኩት።

"ምንም። ሥራው ንጹሕ ነው።"

በማግስቱ ትልቁ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ስደርስ፣ ሁለት እጄ መሪው ላይ እንዳለ፣ "በይ አብሪው" አልኩ።

ዞር ብዬ ሳይ ማብሪያው ከጎኔ ካለው ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ነው፤ እጄን ብዘረጋም አልደርስበትም። ባለቤቴ አብራኝ ስትጓዝ ሬዲዮውንም ማራገቢያውንም የምትነካው እሷ ነበረች። "አንተ መሪህን ያዝ፣ ሌላው የእኔ ሥራ ነው" ትለኝ ነበር። ከሞተች ስድስት ወሯ ነው።

ፍሬን እየያዝኩ፣ እየለቀቅኩ ወረድኩ። ስመለስ መካኒኩ መሰርሰሪያውን ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀኛል።

"ወደ አንተ በኩል እናምጣው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ተወው፣ እዚያው ይሁን" አልኩት። "እኔ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ።"