በሕጉ ክሰሱኝ

«ዕድለኛ ነሽ ኦዜላ» አላት ዳኛው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ። «ዐቃቤ ሕግ የመቀመጫውን ክስ አንሥቶልሻል። የቀረው ክስ ሁከት መፍጠር ብቻ ነው። ትንሽ መቀጫ፣ ከዚያ ወደ ቤትሽ።»

ኦዜላ ፔቲግሩ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት በከተማው ሆስፒታል አንሶላ ስትተኩስ ኖራለች። በአሜሪካዋ ጆርጂያ ምድር እሷን መሰል ጥቁር ወይዘሮ ብሎ የሚጠራ ነጭ እንደሌለ የለመደችው ነገር ነው፤ ዛሬ ግን «ዕድለኛ» የሚለው ቃል አንገበገባት።

ባለፈው ወር ከሥራ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ «ለነጮች» ከሚለው ሰሌዳ ኋላ፣ በጥቁሮች በኩል ነበር የተቀመጠችው። ነጮቹ በዙ። ሾፌሩ ተነሥቶ መጣና ሰሌዳውን ነቅሎ ከእሷ ኋላ ሰካው። እሷ ንቅንቅ አላለችም፤ የተነቃነቀው ሕጉ ነው። ያው ሾፌር ዛሬ ጠዋት ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ «ጮኸችብኝ፣ ሰደበችኝ፣ ቦርሳዋን ወረወረችብኝ» ብሎ ምሎ መሰከረ።

ጠበቃዋ ኮርኔሊየስ ሜሪዌዘር ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ። ዘር የማይለይበት መቀመጫ ለማየት ግማሽ ዕድሜውን ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የተንከራተተ ጥቁር ሽማግሌ ነው።

«ወይዘሮ ፔቲግሩ፣ ወጥመድ ነው። በመቀመጫው ሕግ ካልፈረዱብዎት ይግባኝ ብለን ሕጉን ከበላይ ፍርድ ቤት ልንከሰው አንችልም። እርስዎ ሁከተኛ ተብለው ይቀራሉ፣ ሕጉ በሰላም ውሎ ያድራል።»

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ሕጋቸው ከበላይ ዳኞች ፊት ቢቆም እንደሚያሳፍራቸው ስለሚያውቁ ደብቀውት፣ የእሷን ስም ያቆሽሻሉ። ኦዜላ ተነሥታ ቆመች።

«ክቡር ዳኛ፣ ምን ብዬ ሰደብኩት? ቃሉን ይንገረኝ።»

«አፍሽን ያዢ።»

«አልተሳደብኩም። ተነሺ ስባል ግን አልተነሣሁም፤ እሱን አልክድም። ሕጋችሁን ጥሻለሁ። በሕጉ ክሰሱኝ፤ በሕጉ ፍረዱብኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፍረዱብኝ ብሎ የሚለምን ተከሳሽ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ዳኛውም ሳቀና መዶሻውን መታ፤ በሁከት ፈረደባት።

ውጭ ደረጃው ላይ ሜሪዌዘር ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ቆመ። «ሦስት ሰው አቀረብን፤ ሦስቱንም በሁከት ዘጉብን። እንግዲህ ሌላ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ ነው።»

«ሌላ ሰው ለምን?» አለችው። አውቶቡሱ ከማዞሪያው ብቅ ብሏል። «እርስዎ ከኋላ ይቀመጡና የሚሰሙትን ይጻፉ።»

«ወይዘሮ ፔቲግሩ! ዛሬ እንደገና ከታሰሩ ነገ ሆስፒታሉ አያስገባዎትም።»

ይህን እሷም አስባዋለች። የሚያብጥ እግሯን፣ በዚህ ዕድሜዋ ማን እንደሚቀጥራት፣ ሁሉንም አስባዋለች። ግን ሁከተኛ ተብላ ሌላ ሃያ ሁለት ዓመት ከመተኮስ፣ በሠራችው ተከሳ መራብ ይሻላታል። አውቶቡሱ ላይ ወጣች፣ ከሾፌሩ ጀርባ ካለው ከመጀመሪያው የነጮች ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አፏን ዘጋች።

ሾፌሩ ሌላ ነው፤ ሥራ ከጀመረ ሳምንት ያልሞላው፣ የደንብ ልብሱ ገና ያልተሸበሸበ ቀጭን ሰው።

«አክስቴ፣ ተሳስተሻል፤ ወደ ኋላ ሂጂ።»

ዝም።

«አልሰማሽኝም? ተነሺ!»

ዝም። ሾፌሩ ወርዶ ከፍርድ ቤቱ በር ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ጠዋት ችሎቱን ሲጠብቅ የነበረው ነውና ሲያያት ዐይኑ ፈጠጠ።

«አንቺ ደግሞ! የፍርዱ ቀለም ሳይደርቅ?» ደብተሩን አወጣና ወደ ሾፌሩ ዞረ። «ሁከት ፈጠረች ብለህ ፈርምልኝ።»

«የምን ሁከት?» አለ ሾፌሩ። «ሴትዮዋ ትንፍሽ አላለችም።»

«ስማ ወዳጄ፣ እዚህ እንዲህ ነው የሚጻፈው።»

የሾፌሩ ጆሮ ቀላ። ከደረት ኪሱ ትንሽ መጽሐፍ መዥረጥ አደረገ። «ሥራዬን አታስተምረኝ! ለፈተናው በቃሌ አጥንቼዋለሁ። የከተማው ድንጋጌ፤ በነጮች ወንበር የተቀመጠ ጥቁር። ቁጥሩ ሳይቀር አለልህ። ያለውን ጻፍ!»

«ይጻፍ እንጂ!» አለች ከኋላ አንዲት ጥቁር አሮጊት። «ሕጋችሁ አይደለም እንዴ? አፈራችሁበት?»

«ኧረ የፈለጋችሁትን ጽፋችሁ ልቀቁን» አለ ዘንቢል የታቀፈ ነጭ፣ «ምሳዬ ቀዘቀዘ።»

ፖሊሱ ከንፈሩን ነከሰ። ዳኛው ምን እንደሚለው ያውቃል። ዘወር ሲል ግን ሃያ ሰው አፍጥጦበታል፤ ከኋላ ደግሞ ያ ሽማግሌ ጠበቃ ጉልበቱ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይጽፋል። እርሳሱን በምላሱ አረጠበ።

«ቁጥር ስንት አልክ?»

ሾፌሩ ገጹን በጣቱ ያስስ ጀመር፣ ገለበጠ፣ መልሶ ገለበጠ።

«ዐሥራ ሰባት» አለች ኦዜላ ቀስ ብላ።

ፖሊሱ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አቀረቀረ። የእጅ ሰንሰለቱን ከወገቡ ሊፈታ ሲል እጆቿን አልሰጠችውም፤ አንገቷን አስግጋ ደብተሩን አየች፣ እርሳሱ አንዱን ጽፎ ሰባቱ ላይ እስኪደርስ።