ሦስተኛ ከሦስት

1.

ኮሎራዶ መውደቅ ነበረባት።

ምክንያቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። ለጊዜው ይህን ያዙ፦ የምኖረው ኮሎራዶ ነው። ሥራዬ የአሜሪካን ስቴቶች በኑሮ ጥራት ከአንደኛ እስከ ሃምሳኛ ደረጃ ማውጣት ነው። እናቴ ደግሞ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ብሏታል።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ምን ያገናኛቸዋል የሚል አንባቢ ካለ ወንድምና እህት የለውም ማለት ነው። ይመስገን።

2. ሰዎቹ

ጥቂት ናቸው፤ አትደናገጡ።

ዳምጠው። ታላቃችን ነው፤ ቴክሳስ ይኖራል። ከባድ መኪና ስለሚነዳ ቤቱ የሚገባው እንደ እንግዳ ነው።

ፀዳለ። መካከለኛዋ፤ ሚኒሶታ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት።

እቴነሽ። የመጨረሻዋ። እኔ ነኝ።

ጋሽ ይርዳው። የእናታችን ታናሽ ወንድም፤ ሲያትል ይኖራሉ። ሽማግሌ የሆኑት በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሌላ ሥራ ስላጡም ነው።

እማዬ። ወይዘሮ ሙሉመቤት፤ የደብረ ብርሃን ሰው።

3.

እማዬ እስከ ዘንድሮ በየተራ ነበር የምትኖረው። አንዳችን ጋ ትከርማለች፤ ስትሰለቸን ወይም ስንሰለቻት አውሮፕላን ላይ እናወጣታለን። የሚቀጥለው ተረኛ አበባ ይዞ ይቀበላታል፤ ፎቶ እንነሳለን። እንደ ዕቁብ ነበር፤ ልዩነቱ ዕጣው ሲወጣለት የሚያዝነው ባለዕጣው መሆኑ ነው።

ከዚያ ዳምጠው ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ወደቀች። ስትሮክ። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ትብረር፣ ከዚያ በኋላ የገባችበት ቤት ትቀመጥ አለ።

የገባችበት ቤት ማለት እስከ መጨረሻዋ ማለት ነው። አልጋ ላይ የምትታጠብ፣ በማንኪያ የምትጎርስ፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው የተሳለ ሴት።

4. መመዘኛ

ስለ ሥራዬ ጥቂት ልበል። የኑሮ ጥራት ራሱ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ በእሱ ፈንታ የሚወጡትን ነገሮች እንመዝናለን። የቤት ኪራይ፣ ወንጀል፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ አየር፣ ስፖርት። ለእያንዳንዳቸው ክብደት እንሰጣለን። ማን ይሰጣል? እኛ። በምን? ደስ ባለን። ለሆስፒታል ብዙ ብትሰጡ አንዱ ስቴት ሽቅብ ይወጣል፤ ለኪራይ ብዙ ብትሰጡ ያው ስቴት ቁልቁል ይወርዳል። ሕዝቡ ግን እዚያው ነው፤ ሰው ከወንበሩ አልተነሳም።

የትኛው ዝርዝር ነው ትክክል ብላችሁ አትጠይቁኝ። ማን እንዳዘዘው ጠይቁኝ።¹

¹ እርካታንም እንለካለን። ስልክ ደውለን፣ «በአጠቃላይ ኑሮዎን ከአንድ እስከ አስር ስንት ይሰጡታል?» እንላለን። ስልክ ማንሳት ያቃተው ሰው አይቆጠርም። የሚያነሳለት ያጣም አይቆጠርም። በእኛ መሥሪያ ቤት ዝርዝር አሜሪካ በጠቅላላው ደህና የሆነችው በከፊል በዚህ ነው።

5. ሌላ መመዘኛ

ደረጃ ማውጣት የተማርኩት እዚህ አይደለም። ሰኔ መጨረሻ ላይ ካርድ ይዘን ስንገባ እማዬ አማካዩን አታይም፣ አስተማሪው የጻፈውን አታስነብብም። «ስንተኛ ወጣህ? ከስንት?» በቃ።

ቤታችን ሕግ ነበረው። ከሦስታችን ዝቅተኛ የወጣው ክረምቱን ከእሷ ጎን ይቀመጣል። ስትፈትል አጠገቧ፣ ጋደም ስትል ከእግሯ ሥር፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ። በተሳሳተ ቁጥር ጭኑን ትቆነጥጠዋለች። ሲገባው ደግሞ ያንኑ ጭን በመዳፏ ታሸዋለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርደው ሁለቱ በአንድ ጋቢ ናቸው።

ሁልጊዜ ዳምጠው ነበር። አንድ ዓመት ፀዳለ።

እኔ አንደኛ ነበርኩ።

ሁልጊዜ።

«አንደኛ የወጣ ልጅ ራሱን ይችላል» ትለኝና ካርዱን ትመልስልኛለች።

6. የስልክ ስብሰባ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ

ጋሽ ይርዳው፦ በጸሎት ከፍተናል። እንግዲህ ልጆቼ፣ ማን ይውሰዳት የሚል ጥያቄ የለንም። ሁላችሁም ትፈልጓታላችሁ።

(ሦስታችንም የስልካችንን ድምፅ ዘጋን።)

ጋሽ ይርዳው፦ አይደለም እንዴ?

ፀዳለ፦ እንዴታ ጋሼ።

ዳምጠው፦ ምን ጥያቄ አለው።

እቴነሽ፦ ደስታችን ነው።

ጋሽ ይርዳው፦ ተባረኩ። የምናየው ለእሷ የሚሻላት አገር የቱ ነው የሚለውን ብቻ ነው።

ዳምጠው፦ እኔ እውነቱን ልናገር። ቴክሳስ ለትልቅ ሰው አይሆንም። ሙቀቱ ጤነኛውንም ይጥላል። ሚኒሶታ ግን በሕክምና የሚያህለው የለም ይባላል።

ፀዳለ፦ አንተ አይደለህ እንዴ አንድ ሠርግ ላይ ቴክሳስ ገነት ነው ስትል ያመሸኸው?

ዳምጠው፦ ለጤነኛ ሰው።

ፀዳለ፦ ሚኒሶታ ጥር ላይ በረዶው በር ይዘጋል፤ እንኳን እሷ እኔም አልወጣ። ኮሎራዶ ግን ከፍታ ነው፣ ደረቅ ነው። ልክ እንደ ደብረ ብርሃን። አየሩ ራሱ ያሽራታል።

ዳምጠው፦ እሱስ እውነት ነው። አገሯ የገባች ነው የሚመስላት።

ጋሽ ይርዳው፦ እቴነሽ፣ አንቺስ?

7.

ኮሎራዶ አንደኛ ልትወጣ ነው።

8.

እቴነሽ፦ ጋሼ፣ ከፍታ የሚባል መመዘኛ የትም ዝርዝር ላይ የለም። በስሜት ባንሄድ ጥሩ ነው። እንጀራዬ ነው፤ እስከሚቀጥለው እሑድ በአግባቡ ሠርቼ ላቅርብ።

ጋሽ ይርዳው፦ የተማረ ይግደለኝ።

(ሁላችንም ሳቅን።)

9. አንድን ስቴት እንዴት እንደምትጥሉ

ሀ. መጀመሪያ የምትጥሉትን አመስግኑ። ጉልበቱ የት እንዳለ ካላወቃችሁ አይወድቅላችሁም። የኮሎራዶ ጉልበት ተራራው፣ አየሩ፣ የሰዉ ሯጭነት ነው።

ለ. እሱን አውጡት። ስታወጡት አዝናችሁ ተናገሩ። «ከአልጋ የማትነሳ ሴት ተራራ ምን ያደርግላታል?» በሉ። ስለ እናት የተነገረ ነገር ነውና ሁሉም አንገቱን ይደፋል።

ሐ. ለቤት ኪራይ ብዙ ክብደት ስጡ። ኮሎራዶ ኪራይ ውድ ነው። እማዬ ኪራይ አትከፍልም፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

መ. ለሆስፒታል ጨምሩ። ይህ ለፀዳለ ነው፤ ሚኒሶታን ሽቅብ ያወጣል።

ሠ. «ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚደረስበት ርቀት» የሚል ፍጠሩ። ይህ ለዳምጠው ነው። እማዬ በእግሯ አትሄድም። ይህንንም ማንም አልጠየቀኝም።

ረ. ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ።

10. የስልክ ስብሰባ፣ ቀጣዩ እሑድ

ፀዳለ፦ ዝርዝርሽ ላይ ሆስፒታሉ ጥሩ ነው ማለት ለማን ነው? እኔ ውስጡ ነኝ። አንቺ የምትቆጥሪው አልጋውን ነው። የሚያገላብጣትን ሰው የት አስገባሽው?

እቴነሽ፦ በስቴት ደረጃ እንደዚያ ያለ መረጃ አይሰበሰብም።

ፀዳለ፦ ስለማይሰበሰብ የለም?

እቴነሽ፦ አለ። አይመዘንም።

ፀዳለ፦ ቀኑን ሙሉ የሰው እናት ሳጥብ ነው የምውለው። ማታ ደግሞ የራሴን? ጋሼ፣ እጄ እኮ ሽታው አይለቀውም።

ዳምጠው፦ ይኸው፣ ልምዱ አላት። ልምድ ለምን አልተመዘነም?

ፀዳለ፦ አንተ አፍህን ዝጋ። ክረምቱን ሁሉ ጉያዋ ውስጥ የከረምከው ማን ነው? ያኔ የበላኸውን አሁን ክፈል።

ዳምጠው፦ የበላሁት ቁንጥጫ ነው።

ፀዳለ፦ ቁንጥጫም ቢሆን።

ዳምጠው፦ እኔ ቤቴ አላድርም። የምታነሳት ሚስቴ ናት።

ጋሽ ይርዳው፦ እስቲ እሷን አቅርባት።

11.

(ይህ ቁጥር ለዳምጠው ሚስት የተያዘ ነው። ስልኩን አልተቀበለችም።)

12.

ለፀዳለ ከመለስኩ በኋላ እኔ የስልኬን ድምፅ ዘግቼ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ልጣጩ ሳይቆረጥ አንድ ጥምዝ ሆኖ ወጣልኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን ለምን እደብቃለሁ? ሁለቱ እርስ በርስ ሲበላሉ የእኔን ስም ያነሳ አልነበረም። ልጅ ሆነንም እንዲሁ ነበር።

13. ውጤት

ቴክሳስ፣ አንደኛ።

ሚኒሶታ፣ ሁለተኛ።

ኮሎራዶ፣ ሦስተኛ።

ዳምጠው የሆነ ነገር አለ፤ አልጽፈውም። ጋሽ ይርዳው «ሚዛን ተናገረ፣ ከእንግዲህ ክርክር የለም» አሉ። ቢሆንም የሽማግሌ ነገር በምርቃት ካልተዘጋ አይጸናምና፣ የሚመርቅ ትልቅ ሰው ደግሞ ከእማዬ በላይ የለምና፣ ዳምጠው ስልኩን ይዞ ወደ መኝታዋ ገባ። ይህን ከሲያትል እስከ ዳላስ ተበታትኖም የማይተው ሕዝብ ነን። እናትን የምንጥልበትን ፍርድ እናት ትመርቅልን።

በስልኩ መስኮት ፊቷ ታየ። ግማሹ ተኝቷል፣ ግማሹ ይጠብቃል።

14.

እማዬ፦ ምነው ተሰበሰባችሁ? ሞትኩ እንዴ?

ጋሽ ይርዳው፦ እትዬ፣ የምትኖሪበትን ነገር ስንመክር ነበር። አሜሪካኖቹ ስቴቶቻቸውን በኑሮ ደረጃ ያወጣሉ። እኛም በዚያው መንገድ...

እማዬ፦ ደረጃ?

ጋሽ ይርዳው፦ አዎን እትዬ።

እማዬ፦ ዳምጠው ስንተኛ ወጣ?

ጋሽ ይርዳው፦ ዳምጠው ሳይሆን ቴክሳስ ነው እንጂ...

እማዬ፦ ስንተኛ?

ጋሽ ይርዳው፦ አንደኛ።

(ሳቀች። በአንድ በኩል ብቻ።)

እማዬ፦ ይህንንም አየሁ። ፀዳለስ?

ፀዳለ፦ ሁለተኛ፣ እማዬ።

እማዬ፦ እቴነሽ?

እቴነሽ፦ ሦስተኛ።

እማዬ፦ ከስንት?

እቴነሽ፦ ከሦስት።

እማዬ፦ ደረጃውን ያወጣው ማን ነው?

እቴነሽ፦ እኔ።

15.





16.

እማዬ፦ ሆን ብለሽ ወደቅሽ።

(እቴነሽ የብርቱካኑን ልጣጭ በእጇ ጨበጠች።)

እማዬ፦ የቤቴን ሕግ ታውቂዋለሽ። አንደኛ የወጣ ራሱን ይችላል፤ ዳምጠው ይሂድ፣ መንገዱን ይንዳ። የመጨረሻ የወጣ ከጎኔ ነው። ቲኬቱን ለኮሎራዶ ቁረጡ።

ጋሽ ይርዳው፦ እትዬ፣ ደረጃው እኮ የሚለው...

እማዬ፦ አሜን በሉ።

ዳምጠው፦ አሜን።

ፀዳለ፦ አሜን።

እንደነሱ ከአንጀቱ አሜን ያለ ሰው ቤተ ክርስቲያንም ሰምቼ አላውቅም።

17. የገባችበት ቤት

አልጋዋ ሳሎኔ ውስጥ ነው። በመስኮቱ ያ ከመመዘኛ ያወጣሁት ተራራ ይታያል። «ይህን ተራራ ስንት ሰጠሽው?» ብላ ጠይቃኛለች። ምንም እንዳልሰጠሁት ነገርኳት።

እናንተ እዚህ ጋ የእናትና ልጅ እርቅ እየጠበቃችሁ ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑ። ሽታውን እጠላዋለሁ። ማንኪያውን በጥርሷ ስትይዝብኝ እጠላዋለሁ። አንዳንድ ቀን እሷን ራሷን እጠላታለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ዳምጠው በየሳምንቱ «እንዴት ናት የኛ ጀግና?» እያለ ይደውላል፤ ድምፁ ወፍሯል። ፀዳለ የአልጋ ቁስል ቅባት በፖስታ ልካለች። ሌላ ነገር አልላከችም።

ሥራዬን ከእሷ ጎን ተቀምጬ ነው የምሠራው፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ ዘርግቼ። ሌላ ቦታ ከተቀመጥኩ ትጣራለች። ውኃ ሳዘገይ፣ ትራሷን ሳጣምም፣ በደህናው እጇ ጭኔን ትቆነጥጠኛለች። ጉልበቷ አልሄደም፤ ጭኔ ይበልዛል።

ልጅ ሆኜ ዳምጠው ሲቆነጠጥ በበሩ ስንጥቅ አይ ነበር። እቀናም ነበር። አሁን ደርሶኝ አየሁት። ያማል፤ ሌላ ምንም የለውም።

በመዳፏ እስክታሸው እየጠበቅኩ ነው።

18.

ዛሬ ጠዋት ለአዲሱ ዝርዝር መጠይቁን እያስተካከልኩ ሳለሁ ምን ላይ ነሽ አለችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

እቴነሽ፦ «በአጠቃላይ ኑሮዎን ከአንድ እስከ አስር ስንት ይሰጡታል?»

እማዬ፦ እኔን ነው?

እቴነሽ፦ እሺ፣ አንቺን ይሁን።

እማዬ፦ አስር ያለ ስንተኛ ይወጣል?

እቴነሽ፦ አንደኛ።

እማዬ፦ አንድ ያለስ?

እቴነሽ፦ የመጨረሻ።

ደህናው እጇ ጭኔ ላይ መጣ። የበለዘው ቦታ ላይ። ጣቶቿ ለመቆንጠጥ ይሁን ለማሸት ገና አልለዩም። ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሳ ቁጥሩን ነገረችኝ።

19. ለመዝጋቢው የተሰጠ መመሪያ

የሰሙትን ቁጥር ብቻ ይጻፉ። ተጠያቂውን አያግዙ፣ አያባብሉ። መልስ ያልተጻፈለት ሰው ከቆጠራው ይወጣል።

እኔ ባለጉዳይ ስለሆንኩ መዝጋቢ መሆን አልችልም። የቤቱን ሕግ ነግሬያችኋለሁ፦ አንደኛ የወጣ ራሱን ይችላል፣ የመጨረሻ የወጣ ከጎን ይቀመጣል። እናንተ ጻፉት።

[          ]